እጁ የከዳው ሰውዬ

አጎቴ በተቀበረ ዕለት ሌሊት፣ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤቱ፣ በለቀስተኛ መካከል ተኝቼ ሳቅኩ። ፈገግ አላልኩም፤ ሳቅኩ። ትከሻ የሚያርገፈግፍ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ የጋቢን ጠርዝ በጥርስ የሚያስነክስ ሳቅ ነበር። በግራዬ አንድ የሩቅ ዘመድ፣ በቀኜ ከኮምቦልቻ የመጡ ሽማግሌ ተኝተዋል። ከግድግዳው ሥር አሮጊቶቹ ተደርድረው ጋደም ብለዋል። ያሳቀኝን ነገር ብናገር ነውሩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ቢሆንም ልናገር ነው የተነሣሁት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ራስ ዞር ብሎ በአንድ ምስኪን ሰውዬ ላይ ሲስቅበት አይቼ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ነገር ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ የሥጋ ጅማት ነው፤ ምላስ ሳያውቀው እየሄደ ይነካካዋል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ ለቅሶ ቤት ስገባ ትዝ ይለኛል። እዚያ ላይ ሁልጊዜ አፌን በነጠላ እሸፍናለሁ፤ ሰዉ ከሐዘን ይቆጥርልኛል።

የቅዳም ሹር ድስት

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ፊልም ወሬ ሲነሣ «እኔ ታሪካዊ ፊልም ነው የምወደው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ታሪካዊ ፊልሞች ሳይጋመሱ እንቅልፍ ይወስደኛል። እኔ የምወደው አስፈሪ ልሁን ብሎ ተነሥቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረውን፣ ደሙ የበዛውን፣ ጭራቁ ላስቲክ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀውን ዓይነት ፊልም ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ብናገር ስለ ቅኔ የምላቸውን ሁሉ ማን ይሰማኛል?

ፋሲካ በሚገባበት ሌሊት፣ ቅዳም ሹር፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቤቱ በሽታው ታውዶ፣ ቅዳሴው ግን ገና ሳያልቅ ጓዳ ገብቶ የድስቱን ጠርዝ በጣቱ የላሰ ልጅ የምለው ይገባዋል። ከሰዓታት በኋላ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በሰሃን የሚቀርብለት ያው ወጥ ነው። ጣቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። እኔ ይህን ፊልም ሁልጊዜ የማየው እንደዚያ ጓዳ ገብቼ ነው፤ ሰው ሲተኛ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ በር ሲንኳኳ የማጠፋበትን ቁልፍ በአውራ ጣቴ እየዳበስኩ።

ፊልሙ «ኢቭል ዴድ 2» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ሳም ሬይሚና ዋናው ተዋናይ ብሩስ ካምቤል ሚሺጋን ውስጥ በተማሪነታቸው የተዋወቁ ጓደኛሞች ናቸው፤ ይህ ነገር ፊልሙ ላይ ይታያል። ጓደኛውን በሳህን ሲያስደበድበው ደስ እያለው መሆኑ ያስታውቃል። ታሪኩ ሁለት መስመር አይሞላም። ሰውዬው ከፍቅረኛው ጋር ጫካ ውስጥ ወዳለች ጎጆ ይሄዳል፤ እዚያ አንድ ፕሮፌሰር ትቶት የሄደውን ቴፕ ይከፍታል፤ በቴፑ የተቀዳው ድግምት ክፉ መንፈስ ይቀሰቅሳል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው እስከ መጨረሻው አበሳውን ያያል።

የአበሳው ቁንጮ ቀኝ እጁ ነው። እጁ ይከዳዋል። የገዛ እጁ ፀጉሩን ይዞ ከሳህን መደርደሪያው ጋር ያላትመዋል፣ ሳህን በሳህን ላይ በራሱ ላይ ይሰብርበታል፣ ራሱን ሲስት ደግሞ ወለል ለወለል ይጎትተዋል። ሰውዬው በመጨረሻ በሞተር መጋዝ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው እጅ ግን አይሞትም፤ በጣቶቹ እየዳኸ ይሮጣል። ሰውዬው ባልዲ ይደፋበታል፣ እንዳያመልጥ ባልዲው ላይ መጻሕፍት ይጭናል፤ ከላይ የተጫነው የኧርነስት ሄሚንግዌይ ልብ ወለድ ነው።

ከዚህች መጽሐፍ ላይ ልቁም፤ የሙያዬ ጉዳይ ነውና። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ለጦር መሣሪያ ስንብት እንደማለት ነው። ነገር ግን የጦር መሣሪያ የሚለው ቃል በእነርሱ ቋንቋ ክንድም ማለት ነው። ሰሙ የመጽሐፍ ርዕስ፣ ወርቁ «ክንዴ ሆይ፣ ደህና ሁን»! እጁን በመጋዝ የቆረጠ ሰው ባልዲ ላይ ኅብረ ቃል አስቀምጠዋል። ይህን የተረዳሁት ፊልሙን መጀመሪያ ካየሁ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ከአልጋዬ ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። የቅኔ መምህር ዘንድ ሄጄ «የኔታ፣ በባልዲ ላይ የተዘረፈ ቅኔ አገኘሁ» ለማለት ምን ያህል እንደቃጣኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደሙን በተመለከተ፣ ከግድግዳው ቀዳዳ የሚፈሰው ደም አንድ ሰው ቀርቶ አንድ ቀበሌ ቢታረድ አይሞላውም። ቀይ ሆኖ ይጀምርና ጥቁር ይሆናል፤ ሌላ ቦታ አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያደረጉት ሁሉም ቀይ ከሆነ ለፊልም ደረጃ የሚሰጡት ሰዎች እንዳይከፉባቸው ሰግተው ነው። ከወለሉ በታች ካለው ምድር ቤት የምትወጣው ጭራቅ አሮጊት የዳይሬክተሩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ላስቲክ ለብሶ። ሙቀቱ አላስቻለውም መሰለኝ፣ አየር ላይ ስትሽከረከር ላቡ በልብሱ ጆሮ በኩል ሲንዠቀዠቅ ይታያል። ደጋግሜ አቁሜ አይቼዋለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ከደሴ በእግራቸው ከወጡት ሰዎች አንዱ ነኝ። መንገድ ላይ ስላየሁት እዚህ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው በእውነት የሚሞት የሚመስልበትን ፊልም ማየት አልችልም፤ ተኩስ ሲጀመር ተነሥቼ ውሃ እጠጣለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንዴት ደም ያለበት ነገር ታያለህ ይሉኛል፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ የዚህ ፊልም ደም ባለቤት የለውም። የማንም አይደለም። ማንም እናት አትፈልገውም። ጭንብሉ አንገት ላይ በደንብ ሳይጣበቅ የቀረበት ጠርዝ ይታያል፤ እኔን የሚያሳርፈኝ ያ ጠርዝ ነው።

አስተርጓሚው

ፊልሙን ያሳየኝ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ አጎቴ ዴኩን የሚከፍት፣ የዴኩን ራስ በጥጥ የሚጠርግ፣ ሳይከፍሉ የገቡትን በጆሯቸው ይዞ የሚያስወጣ ሠራተኛ ነበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ አግዳሚዎቹ ሚስማር አላቸው፤ ቤቱ የብርቱካን ልጣጭና የእግር ይሸታል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል፤ አንገታችንን ወደ ኋላ ቀልሰን ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ነበር የምናየው። ውጭ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፦ «ዛሬ በ8 ሰዓት፤ እጁ የከዳው ሰውዬ»። ርዕሱን ያወጣው እርሱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከእንግሊዝኛው ርዕስ ይሻላል እላለሁ።

ዋናው ሥራው ግን ማንም ያልቀጠረበት ነበር። ያስተረጉማል። እንግሊዝኛው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህ ምንም አላገደውም። በር ላይ ቆሞ፣ በትሩን ግድግዳ ላይ እያሳረፈ፣ እያንዳንዱን ንግግር «ይላል» ብሎ ይዘጋዋል። የፕሮፌሰሩ ድምፅ ከቴፑ ሲሰማ «ይኼ ደብተራ ነው፤ ድግምቱን እየደገመ ነው፤ ጆሯችሁን ያዙ!» ይለናል። እንይዛለን። ክፉው መንፈስ በጫካው ውስጥ ሲመጣ አይታይም፤ ካሜራው ራሱ መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገ በዛፍ መሐል ይሮጣል። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼ የጅብ ዓይን ነው» ይላል። ሌሊት ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጅብ ድምፅ እየሰማን የምናድግ የደሴ ልጆች ነበርንና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። ደሙ ከግድግዳው ሲፈነዳ ደግሞ «ቧንቧ ውሃ ፈነዳ!» ብሎ ይጮኻል። ቧንቧ ውሃ የሰፈር ስም ነው፤ ከዚያ ሰፈር የመጡት ልጆች በኩራት ያጨበጭባሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የተበላሸው ቦታ ነበር። ካሴቱ ብዙ ከመታየቱ የተነሣ እጁ ከባልዲው ሥር አምልጦ ከሮጠ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ያህል ተጎድቷል። ምስሉ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ነጭ በረዶ ብቻ ይሆናል። ሌላ ቪዲዮ ቤት ቢሆን ሰው ያፏጫል፣ ገንዘቤን መልሱ ይላል። እኛ ግን ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። አጎቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ፊት ይመጣና በረዶው ፊቱ ላይ እያበራበት የጠፋውን ያወራልናል። እጁ ከጎጆዋ ወጥቶ ጦሳ ላይ ይወጣል። ጨለማ ነው። ጅብ ያገኘዋል። ጅቡ እንግዳ ሰው መስሎት ጨዋ ይሆናል፤ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደሚባለው እርሱም መቀመጫ ይለምናል። እጁ ሁለት ጣቶቹን እንደ እግር አቁሞ፣ አንዷን እንደ አንገት ቀና አድርጎ ዝም ብሎ ያየዋል። ጅቡ ራስ የሌለው፣ ሆድ የሌለው፣ የሚበላም የማይበላም ነገር አይቶ አያውቅም። ያስባል። እንደገና ያስባል። ከዚያ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» ብሎ በመጣበት ይመለሳል።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድነው ጦሳን ቀና ብለን እያየን ነው። ማታ ቀኝ እጄን በመቀነት አስሬ ተኛሁ። እናቴ ጠዋት ፈታችኝና ምንም ሳትጠይቅ ወንድሟን ልትሳደብ ወጣች።

ስለዚያ የጅብ ተረት ብዙ አስባለሁ። ያ ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱ በጥቂት ቃላት የተሠራ አስፈሪም አስቂኝም ፊልም ነው። ጅቡ ቁርበቱን የሚፈልገው ሊቀመጥበት አይደለም፤ ሊበላው ነው። ቀጥሎ የሚበላው ደግሞ አንጣፊውን ነው። ይህን የምናውቅ ልጆች እሳት ዳር ተቀምጠን የምንስቀው ለምን ነበር? ፍርሃትም ሳቅም አመጣጣቸው አንድ ስለሆነ ይመስለኛል። ሁለቱም መጠበቅ ናቸው። ዝም ይባላል፣ ይጠበቃል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ አንድ ነገር ይፈነዳል። የሚፈነዳው ጩኸት ይሁን ሳቅ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አይታወቅም። አጎቴ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር። ሳም ሬይሚም ያውቃል፤ እርሱ ግን ብዙ ገንዘብ ነበረው።

ቪዲዮ ቤቱ በኋላ ተዘጋ። መጀመሪያ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ዲሽ፣ ቀጥሎ ስልክ። አጎቴ ወደ ሐይቅ ሄዶ ዓሣ መጥበስ ጀመረ። ዓሣውን ሲጠብስም ያስተረጉመው ነበር፤ «'ለምን ከሐይቁ አወጣኸኝ?' ይላል»።

አንድ ጆሮ ለሳቅ፣ አንድ ጆሮ ለአብሽር

የቀብሩን ዕለት በአጭሩ ልለፈው። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ የእድሩ ሰዎች ወንበር አመጡ፣ አልቃሿ ስሙን እየጠራች ደረት አስመታችን። እኔ አላለቀስኩም። ቆሜ አየሁ። እንባ እንዲመጣ ዓይኔን ሳላርገበግብ ብዙ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ይህም ከነውሬ አንዱ ነው፤ ሰዎች እንዳያዩብኝ ራሴን ደፋሁ።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ አጎቴ እያወሩም ይስቃሉ። ይህ የተፈቀደ ሳቅ ነው፤ ስለ ሟቹ ነዋ። እኔ ቤት ውስጥ ከተኙት ጋር ተኛሁ። እንቅልፍ እንቢ አለ። ፊልሙ ስልኬ ላይ ባለው ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜም አለ። ለምን እንደከፈትኩት ዛሬም ጥርት ብሎ አይታየኝም። አንድ ጊዜ ድምፁን ልሰማ ፈልጌ ነው እላለሁ፤ የአጎቴን ማለቴ ነው። እርሱ በሌለበት ድምፁ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አላውቅም ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ እውነቱን እናገርና፣ ሐዘኑ ሰልችቶኝ ነበር እላለሁ። ሁለቱም ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጋቢውን እስከ ራሴ ሳብኩ። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ አደረግኩ። ሳህኖቹ ተሰበሩ፣ መጋዙ ተነሣ፣ ባልዲው ተደፋ። እጁ አመለጠ። ያ የተበላሸው ቦታ ደረሰ፤ በዚህኛው ቅጂ ምንም አልተበላሸም። ሰውዬው ግድግዳው ውስጥ የገባውን እጁን በጠመንጃ እያሳደደ ይተኩሳል፣ በቃ። ጦሳ የለም። ጅብ የለም። ደሙ ሲፈነዳ ቧንቧ ውሃ የሚል የለም። ፊልሙ ሙሉ ነበር፤ ግን ጎደለብኝ።

ከዚያ ያ ክፍል መጣ። ሰውዬው ደም ተነክሮ፣ ደክሞት ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩ ተሰብሮ ወለል ላይ ይዘረጋል። ጸጥታ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአጋዘን ራስ ቀስ ብሎ ይዞርና ይስቅበታል። ቀጥሎ የጠረጴዛው መብራት አንገቱን እያጎነበሰ እያቀና ይስቃል። መጻሕፍቱ ይስቃሉ። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ሰውዬው ትንሽ ያያቸውና እርሱም አብሯቸው መሳቅ ይጀምራል፤ እየሳቀ፣ እየሳቀ፣ ሳቁ ሳይታወቅ ወደ ጩኸት ይለወጣል። አጎቴ እዚህ ቦታ ላይ አያስተረጉምም ነበር። በትሩን ያሳርፍና «ይኼ ትርጉም አይፈልግም» ብሎ ከእኛ ጋር ይስቃል። ይህ ትዝ ሲለኝ ነው የፈነዳሁት።

አፌን አፈንኩ፤ ሰውነቴ ግን ሄደ። ምን ያህል እንደተንቀጠቀጥኩ አላውቅም። ድንገት አንድ ከባድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። የአጎቴ ታላቅ እኅት ነበረች፤ ሁላችንም እታለም የምንላት አክስቴ።

«አብሽር ልጄ» አለችኝ። «አብሽር። አልቅስ፣ ይውጣልህ። ቀን ይዘኸው ነው የዋልከው።»

ከነጋቢዬ ወደ ደረቷ አስጠጋችኝ። ስልኩ በእርሷና በእኔ መካከል ደረቴ ላይ ተጣብቋል፤ ይሞቃል። ማዳመጫው አልወጣም። በግራ ጆሮዬ አጋዘኑና መብራቱ ይስቃሉ፣ በቀኜ እታለም አብሽር ትለኛለች። ያን ጊዜ ሳቁን ማቆም ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ሞክሮ ይየው። ይባስ ብሎ መንቀጥቀጤ ጨመረ። የእኔ መንቀጥቀጥ ሲጨምር ከግድግዳው ሥር አንዷ አሮጊት «እህህ» አለች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች፤ ሦስተኛዋ የአጎቴን ስም ጠርታ ሙሾ አወጣች። ድንኳኑ ውስጥ ካርታው ቆመ። ከኮምቦልቻ የመጡት ሽማግሌ ተነሥተው «አይ ልጅነት፣ አይ አጎትና የእኅት ልጅ» እያሉ አፍንጫቸውን ጠረጉ። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በእኔ ሳቅ ምክንያት፣ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል።

ፊቴን ስነካው እርጥብ ነበር። የሳቅ እንባ ነው። እንባ ግን ከየት እንደመጣ አይጻፍበትም።

ጠዋት ቡናው ሲፈላ አቦሉ መጀመሪያ ለእኔ ተሰጠኝ። «ሌሊቱን እንደዚያ ሆኖ ነው ያደረው» ይባባላሉ። «እንደ እርሱ የወደደው የለም።» ሲኒው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ይህም ተቆጠረልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ዶሮውንም ማታውንም ውጬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ጥርስ ባዳ ነው የሚሉ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ይችሉ ነበር፤ ልብ እያዘነ ጥርስ ይስቃል፣ አይታዘዝም ማለታቸው ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ልቤ ምንም አላለኝም። አጎቴን በዚያች ቀን ያገኘሁት በዚያች ሳቅ ብቻ ነው። ባዳው ማን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ደግሞ ይህን ስል ራሴን ነጻ እያወጣሁ እንዳይሆን እጠራጠራለሁ፤ ምክንያቱም አጋዘኑ ለብቻውም ያስቃል። አጎቴ ባይሞትም እስቅ ነበር።

የአርባው ዋዜማ

ለአርባው ወደ ሐይቅ የሄድኩት አንድ ቀን ቀደም ብዬ ነው። እታለም በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠጠር አብሬ መልቀም ጀመርኩ። ብዙ ጊዜ ዝም አልን።

«እታለም፣ ያን ዕለት ሌሊት እያለቀስኩ አልነበረም» አልኳት።

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ጋቢህ እንደ ፋኖስ ያበራ ነበር እኮ። ዓይኔ ደከመ እንጂ ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አብሽር አልሽኝ?»

አንድ ጠጠር አግኝታ ወደ ግቢው ወረወረችው። «የኮምቦልቻው ሰውዬ ነቅተው ነበር። ምን ልበል? ተነሡ፣ ልጃችን ይስቃል ልበላቸው?»

የምመልሰው አጣሁ። እርሷ ግን አልጨረሰችም። «ምን ነበር እንዲያ ያሳቀህ?» አለች። መነጽሯን ከጉያዋ አወጣች።

ስልኩን ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ከፈትኩላት። ደንግጣ ታማትባለች ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አንድ ቃል አልተናገረችም። ቴፑ ሲናገር ግን ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች።

«ይኼ እጁ የከዳው ሰውዬ አይደለም?»

ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። አጎቴ ማታ ቤት ሲገባ፣ ቡና እየተፈላ፣ ፊልሙን ከነድምፁ ይነግራት ኖሯል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ለዓመታት። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች። እኔ እንደ አጎቴ ላስተረጉምላት ስሞክር ደግሞ ታርመኛለች፤ «እርሱ እንዲህ አይደለም የሚለው።» እጁ ሲቆረጥ አልተሸማቀቀችም። ባልዲው ላይ መጻሕፍቱ ሲጫኑ ግን ተናደደች።

«ጅል ነው። መጽሐፍ ይጫናል? መጅ አጥቶ ነው?»

ስለ ኅብረ ቃሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መጁ ይበልጣል። በአጋዘኑ አልሳቀችም፤ «የሞተ ነገር ቤት ውስጥ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። ጭራቋ አሮጊት ከምድር ቤቱ ስትወጣ ግን ወደ ስልኩ ተጠግታ በደንብ አየቻትና፣ «ይቺ ወንድ ናት» አለች። «ትከሻዋን ተመልከት። ላቡንም ተመልከት።» ሰፌዱን እስኪያስረሳት ድረስ ሳቀች፤ ምስሩ በረንዳው ላይ ፈሰሰ።

ፊልሙ አለቀ። ስሞች በጥቁሩ ላይ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። እታለም አሁንም ታያለች።

«ጦሳ ላይ የሚወጣው መቼ ነው?» አለችኝ።

ስሞቹን አየኋቸው፤ ብዙ ነበሩ።

«ገና ነው፣ እታለም» አልኳት።

መነጽሯን አስተካከለችና ጠበቀች።